ሳሮን ሳጥንህን ቆረጠችው

ማቲዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሐይቁ ሞልቶ የዳሩን ሣር ውጦታል። ቤቱ ደህና ነው፤ ሲያፈስብን የነበረው የጓዳ ጣሪያ ተጠገነ፤ ጊቢው ውስጥ የተከልከው አቮካዶ ጎረቤት እስኪቀና ድረስ አፈራ። ልጃችን ሳሮን ደግሞ ተዳረች። ቀስ ብዬ አወራሃለሁ። በዚህ አምድ የሰው ቤት ወሬ ሳወራ የኖርኩ ሴት የራሴን ብደብቅ አያምርብኝም፣ አንባቢዎቼም አይምሩኝም።

ግን መጀመሪያ ልቤ ላይ የከረመውን ላውጣው። ሰርጉ ሲቃረብ ልጅህ መጋዝ ይዛ መጣችና "እማዬ፣ የአባዬን ሳጥን ልቆርጠው ነው" አለችኝ።

የትኛውን ሳጥን አትለኝም መቼስ። በማጂክ ትርኢትህ እኔን አጋድመህ ለሁለት ስትቆርጥበት የኖርከውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመልሱ ቀን ማጂክ ላሳይ ብላ ተነሣች፤ የሚቆረጠው ደግሞ ሙሽራው ናትናኤል ነው። "ሴት ስትጋዝ መቶ ዓመት ሞላት፤ አሁን ተራው የወንድ ነው" ትላለች። ናትናኤል ጥሩ ልጅ ነው፣ አንተም ትወደው ነበር። ግን ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ነው! ሳጥኑ የተሠራው በእኔ ልክ ነውና ወይ ይቆረጥና ይቀጠላል፣ ወይ ነገሩ ይቀራል።

ይቅራ አልኳት። እኔ ቆሜ እያለሁ አይነካም አልኩ፤ ተቆጣሁም። ለምን መሰለህ? ከእጅህ ሥራ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው። ያኔ እዚህ ሀዋሳ ያንተ ብሩሽ ያላረፈበት ሱቅ አልነበረም፤ ከፒያሳ እስከ አቶቴ በእግራችን ስንሄድ ታፔላዎችህን እያነበብን ነበር። ዛሬ ሁሉም ባነር አሳትሞ ሰቅሏል። ያቺ ዶሮ የሣልክባት ምግብ ቤት እንኳ ፎቶ ለጥፋለች። ሳጥኑ በመጋዝ ቢበላሽስ? ምን ይዤ ነው ማቴዎስ የሚባል ሰው ነበር የምለው?

ሳሮን መጋዙን በሩ ሥር አስደግፋ ሄደች። እኔም ሳጥኑን ለመጠበቅ ይመስል አጠገቡ ወንበር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ያስተማርከኝ ታሪክ ሁሉ የመጣብኝ።

ትዝ ይልሃል፣ ገና እጮኛሞች ሳለን ስለ ፍቅር እንዲያወራኝ የምጠብቀው ሰው ስለ ሳጥን ሲያወራኝ? መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ነው የተሠራው ብለኸኛል። የዛሬው ዓይነት አልነበረም፤ ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ ትዘጋበታለች፣ እጅና እግሯ የታሰረበትን ገመድ ጫፍ ተመልካቹ ይይዛል። ሳጥኑን የሠራው ሰውዬ አምቡላንስ በከተማው እያዞረ ነበር ትርኢቱን የሚያስተዋውቀው። እንዴት ያለ ተንኮለኛ ነው! ቀጥሎ አሜሪካኖቹ ተቀበሉና ጭንቅላቷና እግሯ ውጭ እንዲታይ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱን ግማሽ የሚያራርቁ መጡ፣ ከዚያ ሳጥኑን የሚያሳንሱ፣ በመጨረሻም ሳጥኑን ጥለው በትልቅ ክብ መጋዝ ብቻ የሚሠሩ። እያንዳንዱ ከበፊተኛው ወስዶ የራሱን ጨመረ። ምስጢሩን ግን እንኳን ለአንባቢ፣ ለትራሴም አልናገርም።

ያንተ ሳጥን ደግሞ በኮምፔርሳቶ ጣውላ ተጀመረ። ያን ጊዜ ጥቁር ነበር። በፈረስ ጋሪ ጭነነው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ስንሄድ ያገኘን ሁሉ ኮፍያውን እያወለቀ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ "የማን ልጅ ነው?" እያለች ተከተለችን። አንተ ሳቅህን ልትውጥ ስትታገል እኔ ጋሪው ላይ በቀይ ቀሚስ እንደ ሙሽራ ተኮፍሻለሁ። በማግስቱ ሳጥኑን ቢጫ ቀባኸው፣ ዙሪያውን ኮከብ አደረግህበት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልቅሶልን አያውቅም።

የእማማ ርብቃ ነገርስ? በቤተ ክርስቲያናችን አንቱ የተባሉ የጸሎት እናት፣ እዚያ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ፊት ወንበር ተቀምጠው፣ መጋዙ ወገቤ ላይ ሲደርስ ብድግ አሉ። በሲዳምኛ ጀምረው በአማርኛ "በኢየሱስ ስም ልቀቃት!" አሉህ። አዳራሹ በሙሉ "አሜን!" ብሎ ተነሣ። እኔ ከሳጥኑ ውስጥ "እማማ፣ ደህና ነኝ!" ብላቸው "ዝም በል አንተ ክፉ መንፈስ" አሉኝ። ትርኢቱ ተቋረጠ። አንተ ግን አልተቀየምክም፤ በሳምንቱ ቤታቸው ሄደህ ምን እንዳሳሰባቸው ጠየቅሃቸው። "ጌታ ከሙታን ሲነሣ መንፈስ አለመሆኑን ያሳየው ዓሣ በልቶ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ያለችው ልጅስ ምን በላች?" አሉህ።

ይኸው ነው፤ ያ ለንደን የተወለደ ሳጥን ሀዋሳ ሲደርስ የእጅ ቀዳዳና የሳህን መደርደሪያ አወጣ! እየተጋዝኩ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ የተጠበሰ ዓሣ በሚያቃጥል ዳጣ እበላ ጀመር። አንተ ትጋዛለህ፣ እኔ እሾህ እለቅማለሁ፣ "ዳጣው ጨው አንሶታል" እላለሁ፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እማማ ርብቃ ራሳቸው "አሁን ገባኝ፣ ይህ መንፈስ ሳይሆን ሥራ ነው" ብለው አጨበጨቡ። ከዓለም ምትሐተኛ ሁሉ ይህን ያሰበ ያንተ ብጤ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

እንግዲህ ወንበሬ ላይ ሆኜ ይህን ሁሉ ሳስብ ዓይኔ የሳጥኑ ጎን ላይ አረፈ። ያቺ ሌላ እንጨት የገባችባት ቦታ። ቢጫው ቀለም ሸፍኗት ነው እንጂ ቅጥሏ ይታወቃል። ሳሮንን ሳረግዝ ሆዴ ገፍቶ ክዳኑ አልዘጋ አለ። ጓደኞችህ "ምን ችግር አለ፣ ሌላ ቀጭን ልጅ ፈልግ" አሉህ። አንተ መጋዙን አንሥተህ፣ ያን የለፋህበትን ሳጥን፣ ጎኑን ቀድደህ አሰፋኸው። ለእኔና ለእሷ።

ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የምከለክለው? አንተ ለሳጥኑ አልሳሳህም። የሳሳኸው ውስጡ ለምትተኛዋ ነው። ልጅህም ያደረገችው ያንኑ ነው፤ አጭር ሰው አልፈለገችም፣ ያገባችውን ነው የፈለገችው።

ደወልኩላት። "ነይ ቁረጪው፣ ግን መስመሩን እኔ ነኝ የማሰምርልሽ" አልኳት። የቱ ጋ ቢነካ ምስጢሩ እንደሚበላሽ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለማ! መጋዙ የመጀመሪያውን ሲቆርጥ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በኋላ ግን ራሴ እንጨቱን ያዝኩላት። እጇ ያንተ ነው ማቲ። ስትጋዝ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፣ ልክ እንዳንተ። አዲሱን ቅጥል አልቀባችውም። "እንጨቱ ይታይ" አለች።

የመልሱ ቀን የናትናኤል እናት ወይዘሮ ማርታ ሳጥኑን ሲያዩ "ልጄን አሳድጌ ያመጣሁት ለመጋዝ ነው እንዴ?" ብለው ጮኹ። ሳሮን አልደነገጠች። ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ነው ያመጣችው፤ አንዱን እጀታ ይዛ ሌላውን ለአማቷ ሰጠች! "እማማ፣ እርስዎ ይያዙልኝ፤ ካመመው ያቁሙኝ።" እሳቸውም ሳጥኑ ውስጥ ከተኛው ልጃቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ ያዙ። አንድ ሳብ፣ አንድ ለቀቅ። "አመመህ ልጄ?" "እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ሱፉ የኪራይ ነው!" የናትናኤል አጎት ከወዲያ ጠረጴዛ "ኧረ ተመልከቱ፣ አማትና ምራት ገና በመጀመሪያው ቀን ልጁን ተካፈሉት!" አሉ። ወይዘሮ ማርታ እየሳቁ መጋዙን አጥብቀው ሳቡት፣ በኋላማ ሳሮን ናት "ቀስ" የምትላቸው። ሲያበቃ ናትናኤል ከሳጥኑ ሙሉ ሰው ሆኖ ዘለለ። እናቱ እሱን ሳይሆን ሳሮንን አቀፏት።

ይህን ለንደንም አሜሪካም አላሰበውም። ያንተ ልጅ፣ ሀዋሳ ላይ፣ አሰበችው። እኔ ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ደረቴን ነፍቼ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ "አባቷን አታውቁትም እንዴ?" ስል ዋልኩ።

አሁን ሁለቱን ትርኢት አሳዩን እያሉ ከየቦታው እየጠሯቸው ነው። ናትናኤል ገና አተኛኘት አያውቅም፣ ትከሻውን ይነፋል፣ ትንፋሹን አይቆጥብም። በየቅዳሜው እያመጣሁ አስተኛዋለሁ። ቃል እገባልሃለሁ የኔ ዓለም፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚተኛ ሁሉ፣ እሱም ሆነ ከሱ በኋላ የሚመጣው፣ ክዳኑ ሳይዘጋ በፊት ማን እንደሠራው፣ ለማንስ እንዳሰፋው ከእኔ አፍ ይሰማል።

ያንተው፣
የሳሮን እናት