ከመንገዱ ወዲህ ያለው ቤቴ

ሰኞ፣ ማርች 4
መስኮት ሳጸዳ ዋልኩ። ጎረቤቴ ቨርና ከፊት ለፊት በረንዳዋ ላይ ሆና እንደ ልማዷ ጮኸችብኝ። «ግሌንዳ! ሚዙሪ ደመና ነው፤ ካንሳስ እንዴት ነው?» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቺኑ ቀልድ! የሁለቱ ግዛቶች ድንበር መንገዱ ነው፤ እሷ ሚዙሪ፣ እኔ ካንሳስ። ከዚያ ሌላ ምን ለያየን?

ሐሙስ፣ ማርች 28
የቨርና ቤት በባንክ ዕዳ ተሸጠ። ደብዳቤ መጣ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ በጨረታ ሸጠው። በቃ! «ዳኛ የሚባል ፊቴን አላየም» አለች። እሷ አላለቀሰችም... ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እኔስ ለባንኩ ከከፈልኩ ስንት ወር ሆነኝ? ተረኛዋ ማን ትሆን?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 12
መጣ። የሸሪፉ ሰው ወረቀት ሰጠኝ። ባንኩ ከሶኛል።
ቨርና ዕቃዋን እየጫነች፣ «ሦስት ሳምንት ቢሰጡሽ ነው፣ እህቴ። ሳይጥሉሽ ውጪ» አለችኝ።
የደረሰባት እሷ አይደለች? አመንኳት። መጋረጃ አወረድኩ፣ ሳህን ጠቀለልኩ... በረንዳው ካርቶን በካርቶን ሆነ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16
ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በነጻ የምታማክር ጠበቃ አለች አሉኝ። ሄድኩ። ሚስ ኮልቪን፤ ልጅ እግር ናት፣ ማስቲካ ታላምጣለች። ዕቃዬን እያሸግኩ መሆኑን ነገርኳት።
«ቤትዎ ከመንገዱ በየት በኩል ነው?»
«በካንሳስ።»
«ታዲያ ምን ያሳሽግዎታል? ይፍቱት!»
በኛ በኩል ዳኛ ሳይፈርድ አይሸጥም። መልስ ለመስጠት ሃያ አንድ ቀን አለኝ። ቢሸጥ እንኳ፣ ከመጀመሪያው ዕዳ ሲሶውን እስካሁን ከፍዬ ከሆነ፣ አንድ ዓመት እዚያው እየኖርኩ የተሸጠበትን ዋጋ አምጥቼ ቤቱን ማስመለስ እችላለሁ። ሲሶ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከፈልኩ ሴት!
«ጥለው ከወጡ ግን ዓመቱንም ሊያጡት ይችላሉ» አለችኝ።
በስመአብ... በገዛ እጄ? ሳህኖቼን እየዘፈንኩ መለስኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 6
ፍርድ ቤት። የባንኩ ጠበቃ ፎቶ መዘዘ። ያ ካርቶን የሞላው በረንዳዬ!
«ቤቱን ትታ ወጥታለች፣ ክቡር ዳኛ። ዓመት አይገባትም።»
ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ትናንት የት አደሩ?»
«አልጋዬ ላይ፣ ክቡር ዳኛ። ጠዋትም ብስኩት ጋግሬያለሁ። ይህን ያህል የሚያስብልኝ መሆኑን ባውቅ ለጠበቃውም አመጣለት ነበር።»
ሰው ሁሉ ሳቀ። ጠበቃው ቀልቶ ቲማቲም መሰለ።
ዳኛው ይሸጥ አሉ... ዓመቱ ግን የኔ! ሙሉ ዓመት! ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5
ባለፈው ወር ሸሪፉ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ቤቱን ሸጠው። ዛሬ ገዢው ሜትር ይዞ መጣ። መስኮት ሊለካ!
ቨርና ከኋላ ክፍል ብቅ አለች። ከጁላይ ጀምሮ ተከራይታኝ አብረን ነን። በሷ ኪራይና በኔ ተጨማሪ ፈረቃ አንድ የብድር ማኅበር ሊያበድረኝ ተስማምቷል፤ በመጪው ኤፕሪል ቤቴን አስመልሳለሁ።
«ቤቴን ልይ ብዬ ነው» አለ ሰውዬው።
«የማንን ቤት?» አለች ቨርና። «ይሄ ሚዙሪ መሰለህ እንዴ?»
የፍርድ ቤቱን ወረቀት አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።
«እስከ መቼ ልጠብቅ ታዲያ?»
«የከርሞ ሰው ይበልህ፣ የኔ ጌታ!» አልኩት።
መኪናው ሲሄድ ጓሮ ገብቼ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ። የሚደርሰው በመጪው ጁላይ ነው። የምነቅለውም እኔው ነኝ።