ራሞን የተሳደበበት ቃል ምንጭ

ሰኞ፣ ሎጊያ
ዛሬም «ካራኾ» አለ። ለማን? ለግቢያችን ጥበቃ፣ ሰባ ላለፋቸው ለሐጂ ዑመር። ሶላት ላይ ሆነው በሩን ለመክፈት ስለዘገዩ ነው። ይሄ ራሞን የሚሉት ስፔናዊ መሐንዲስ አፉ ባለጌ ነው። ሐጂ ምን አለኝ ሲሉኝ እንደ ልማዴ «ፍጠኑ ነው የሚለው» አልኳቸው። ስምንት ወር ሙሉ እንዲሁ ነው የተረጎምኩት። አስተርጓሚ ተብዬ!

ማክሰኞ
ጉድ ፈላ። መርከብ ላይ ከስፔኖች ጋር የሠራ አንድ የጅቡቲ ሾፌር ቃሉ ነውረኛ ስድብ መሆኑን ለሐጂ ነግሯቸዋል። ሽማግሌዎች ሐሙስ ይቀመጣሉ። ካሳው የሚቆረጠው ስድቡ ተመዝኖ ስለሆነ ቃሉን ከነምንጩ እንዳስረዳ ተጠራሁ። ራሞን ተረቱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ቃሉ የድሮ መርከብ ምሰሶ ላይ ያለ፣ ቃኚ የሚቆምበት ቅርጫት ስም ነው፣ ያጠፋ መርከበኛ እዚያ ይላክ ነበር በልልኝ አለ። «አለዚያ ውልህ አይታደስም።»

ረቡዕ
የምን ቅርጫት! ኩባ ስማር መምህራችን በግልጽ ነግራናለች፤ የመርከቡ ወሬ ማስረጃ የለውም። ቃሉ ከጥንትም የወንድ ብልት ስም ነው። ከዚያ በፊት ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱም አልተስማሙም። የቃሉን ዘመዶች ጻፍኩ፦
ካራይ፦ ጨዋ ሰው የሚለው፣ የለዘበው።
ካራኺዮ፦ አልኮል የገባበት ቡና። (ሐጂ ፊት አይነሳም።)
ወደ ካራኾ ሂድ፦ ከፊቴ ጥፋ።
ከራሞን ይልቅ በራሴ በገንኩ። ሐጂ መንገደኛ ሲያገኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነግራሉ። የእኔንም ትርጉም እውነት ብለው አስተላልፈዋል። በዳጉ የዋሸን ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማውም። እሳቸውን አስዋሸኋቸው።

ሐሙስ
ግራር ሥር ተቀመጥን። ራሞን ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ብልቱንም፣ ቅርጫቱንም፣ የስምንት ወር ውሸቴንም። ሐጂ መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። ራሞን ፍየሎች እንዲከፍል ተፈረደበት። እኔ ላይ የተፈረደው ሌላ ነው፦ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሐጂ ጎን ቆሜ፣ ለሚያልፈው ሁሉ ትርጉሙን የዋሸሁት እኔ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ እንድናገር።

ዓርብ
ውሌ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይብላኝ ለእሱ። በሩ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣው ግመል ነጂ ነበር። እንደተፈረደብኝ ነገርኩት። ሰውየው እኔን ትቶ ሐጂን አየ።
«እውነቱን ነው» አሉት።
ከማክሰኞ ወዲህ ስለ እኔ አንድ ቃል ሲተነፍሱ ይሄ የመጀመሪያው ነው። እኔን ግን ገና አላናገሩኝም።