ጋሼ ቶሌራን የሆንኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

በሰማይና በምድር ፊት እናዘዛለሁ፤ የአጎታችንን የጋሼ ቶሌራን ጋቢ ሳላስፈቅድ ለብሻለሁ። ከዘራቸውንም ይዣለሁ። ግን ለሕክምና ዕድገት ነው።

እህቴ ጫልቱ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። ሰኞ ታካሚን የማነጋገር ፈተና አለባት። መምህሯ ታካሚ መስሎ ይቀመጣል፤ እሷ ጥርሱ እንደማይድን ነግራ እንዲያስነቅል ማሳመን አለባት። ባለፈው ሽማግሌ ሆኖ ሲቆጣት እያለቀሰች ወጣች። አሁንም ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። ለልምምድ ደግሞ ከጋሼ ቶሌራ የባሰ አስቸጋሪ ታካሚ መቱ ውስጥ ከየት ይመጣል?

ወንበሩ ላይ ጉብ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አንቺ ልጅ! እኔ የሁሩሙ ማር ነጋዴ ነኝ፤ ጥርሴ ጤነኛ ነው!»

«ጋሼ፣ ሥሩ በስብሷል።»

«አማርኛ አልሰማም!» ነገር ካልጣማቸው እንዲህ ነው የሚሉት።

ጫልቱ በኦሮምኛ ደገመችው።

«አሁን ደግሞ ጆሮዬን አመመኝ!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወንበሯን አስጠጋች። «ጋሼ፣ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» አለችኝ በቀስታ።

ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።

«መርፌው» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ።

ራሳቸው ጋሼ ቶሌራ! ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ቆመዋል። ንብ ሲነድፋቸው የሚስቁት ሰውዬ! ጫልቱ ተነስታ ወንበር ሳበችላቸው። እኔም ከዘራውን ብድግ አድርጌ በጓሮ በር ሹልክ ልል ስል፣

«ሲፈን! ከጥርሴ በፊት ጋቢዬን!»