ጎማው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ ጓንጉል፤
ቡሬ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይስ አሁንም ጎንበስ ሲሉ ይይዝዎታል? እትዬ ሠርኬና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማዬ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ሰው መለየት ቻለች? እኔ ታናሽ ወንድምዎ አስናቀው ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላውን ከዚህ በታች እነግርዎታለሁ።

ሚኒባስ መግዛትዎን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። «አራት አዲስ ጎማ ከመርካቶ መርጠህ ላክልኝ» ካሉኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ዝም ያልኩት ትእዛዝዎን ንቄ አይደለም። ሁለት ጊዜ ደውዬ ልነግርዎ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ደህንነታችሁን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሙሉብርሃን የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ጎማ ተራ ወደምሠራበት ሱቅ መጣ። እናቱን ለሕክምና ከደጀን ሊያመጣ አሮጌ ኮሮላውን እያሰናዳ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልቋል። አሠሪዬ ከመጋዘኑ ጥግ ሁለት ጎማ አወጣለት፤ ቅባት ስለተቀቡ ያብረቀርቃሉ። ቸርኬው ላይ ሳስገባቸው ጎናቸው ላይ 3216 የሚል ቁጥር አየሁ። በፈረንጆች 2016 በሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መንገድ ያልነካ፣ ግን ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ የደረቀ ጎማ።

ሰውየው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?» አለኝ። አሠሪዬ ቆሞ ያየኛል። «የፋብሪካ ቁጥር ናት፣ ምንም አትልም» አልኩት። «ተባረክ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና አሮጌዎቹን ስመለስ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ቀኝ ጎማው ፈነዳ። ሙሉብርሃን እናቱ ጋ ሳይደርስ እዚያው ቀረ።

ይህን የሰማሁት ከሚስቱ ከሔርሜላ ነው። ጥቁር ለብሳ መጥታ የባሏን አሮጌ ጎማዎች ጠየቀችኝ። ከበሩ ኋላ ስጎትታቸው ዓይኔ ቁጥራቸው ላይ አረፈ፤ 1021 ይላል። አሮጌ ብዬ የፈታሁት፣ አዲስ ብዬ ከገጠምኩት አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ነበር። «የገጠምክለት አንተ ነህ? ቤት መጥቶ አመስግኖህ ነበር» አለችኝ። ጎማዎቹን እያንከባለልኩ ከደጅ አወጣሁላት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። የአየር መሙያው ትንፋሹን በለቀቀ ቁጥር ያ የሙሉብርሃን ጥያቄ ይሰማኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ በሰው ግፊያ መሐል ትከሻዬን መታ የሚያደርገኝ አለ፤ ዞር ስል ማንም የለም። ታክሲ ከመሳፈሬ በፊት ጎንበስ ብዬ የጎማውን ቁጥር አነባለሁ። ረዳቶቹ አብዷል ይሉኛል።

ስለዚህ ጎማ ከእኔ አይጠብቁ፤ እዚያው ሲገዙ ግን እርስዎ ራስዎ ቆመው ያስገጥሙ። ቁጥሩን ቅባቱን ጠርገው ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፤ ከሁለት ሦስት ዓመት ያለፈውን አይቀበሉ። ሻጩ ከተቆጣ ጥለውት ይሂዱ። የአየር ማስገቢያዋም አብራ ትቀየር። ብሎኖቹን ዙሪያውን ሳይሆን ፊት ለፊት እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላም ቆመው ደግመው ያስጠብቁ። የአየሩ ልክ በሾፌሩ በር በኩል ተጽፏል፤ ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላልዎ። ሁለት ብቻ ከገዙ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። እኔ ለሙሉብርሃን ይህንንም አልነገርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ሔርሜላ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። የባሏ የልብስ ስፌት መኪና ላይ እጇን አሳርፋ ሰማችኝ። አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። «ይህንኑ ፖሊስ ጣቢያ ትደግመዋለህ?» አለችኝ። አብረን ሄደን ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው አንተም ልትከሰስ ትችላለህ ብሎኛል። አሠሪዬ ከሥራ አስወጥቶኝ ሲያበቃ ቁጥሩን አላየሁም በል ብሎ ሰው ልኮብኛል። አይቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ፍርድ ቤትም የምለው ይህንኑ ነው። ከነገርኳት በኋላ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

እትዬ ሠርኬን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። ከልጆቹ ናሆምን በትምህርትህ በርታ፣ ሶሊንም ናፍቀሽኛል ይበሉልኝ። የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። የታሰርኩ እንደሆነ ግን ተጣልቶ ነው፣ ተሳስተው ነው ብለው አይሸፍኑልኝ። አንድ ሰው አምኖ ጠየቀው፣ ልጅሽም እያወቀ ዋሸው ብለው ይንገሯት።

ታናሽ ወንድምዎ አስናቀው
አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.