ከድንበር ማዶ ስለተገኘው ምልዓተ ጉባኤ

ለክቡር አቶ ጥላዬ
በዙሪክ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበር (ሰባተኛ ዓመታቸው)
አልትሽቴተን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ፣ ባለፈው ቅዳሜ በወይን ጓዳ ውስጥ ስለ አንድነት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተናገረ በኋላ፣ ደህና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ከነራስ ምታታችን ደህና ነን።

ከሁሉ አስቀድሞ ለመላው የዕድሩ አባላት በከባድ ሐዘን የማስታውቀው ነገር አለ። ጥቅምት 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ጣልያን አገር፣ አራት መቶ ዓመት ባስቆጠረ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ለምሳ ከቀረበው የበግ ጥብስ የእኔ ድርሻ ቀዝቅዞ ደርሶኛል። ባለበት ሁኔታ በልቼዋለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ/ ስለ ቦታው ምርጫ። ለሦስት ዓመት «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» እየተባልን የተበተንበት አዳራሽ ከባቡር ጣቢያው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እርስዎ ግን ጉባኤውን ሰው በእግሩ ሊመጣበት ከሚችል ቦታ ሰው በእግሩ ሊመለስ ወደማይችልበት ቦታ በጥበብ አዛወሩት። ማስታወቂያው «የወይን ቅምሻና ምሳ» ይላል እንጂ ስለ ጉባኤ ትንፍሽ አይልም፤ ደስታችን በድንገት እንዲሆን ማሰብዎ ነው።

2ኛ/ ስለ ማስታወቂያው ግርጌ። «ሁሉም አባል ተጋብዟል» ከሚለው በታች፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል «ድንበር የሚያሻግር ሰነድ ይዛችሁ ኑ» የሚል ተጽፏል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰደው የመጡት፣ በየስብሰባው «የሊቀ መንበር ምርጫ መቼ ነው?» እያሉ ዕረፍት የሚነሱዎት ልጆች በሙሉ የያዙት የጥገኝነት ጠያቂ የኤን ወረቀት መሆኑን፣ በዚያ ወረቀትም ከስዊዘርላንድ መውጣት እንደማይቻል እርስዎ ከቶ ሊያውቁ አይችሉም፤ ቅጹን የሞሉላቸው እርስዎ ቢሆኑም።

ከእነርሱ አንዱ ሱራፌል ነው። አባቱ ሀገር ቤት ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። አንዲት ክፍል ለአራት ስለሚኖሩ ለቅሶ የሚቀመጥበት የለውም፤ የዕድሩን አዳራሽ ለአንድ ቀን ቢለምንዎ «ጠቅላላ ጉባኤ ይወስን» አሉት። ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡሱ ድረስ መጥቶ የውኃውን ካርቶን ከጫነልን በኋላ በሩ ላይ ቆሞ «አስረስ፣ ድንገት ስብሰባ ቢጤ ካለ የእኔን ነገር አንሳልኝ፤ አደራ» አለኝ። «የምን ስብሰባ ነው፣ ለምሳ እኮ ነው የምንሄደው!» ብዬ ሳቅሁበት።

3ኛ/ ስለ ቅምሻው። የመጥመቂያው ባለቤት፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ በርሜሎቹን እንደ ልጆቻቸው በየስማቸው እየጠሩ ምድር ቤቱን ካዞሩን በኋላ፣ ወይኑን በአፋችን አገላብጠን የምንተፋበት የነሐስ ባልዲ አቀረቡልን። አንጋፋው አባላችን አቶ ገረመው «ሰው ቤት ገብቼ የሰጡኝን ልትፋ? ያሳደገኝ የለም እንዴ?» ብለው ሲውጡት፣ ከእርሳቸው በታች ያለነው የመትፋት ድፍረት ከየት እናምጣ? ስድስት ዓይነት ወይን በባዶ ሆዳችን ዋጥን። ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት የምትሠራው ወሎዬዋ ዘይቱና ብቻ የወይን ጭማቂዋን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣ ትታዘበን ነበር። ባልዲው ንጹሕ እንደሆነ ቀረ። እርስዎም ያኔ ከኮትዎ ኪስ አጀንዳ አወጡ።

4ኛ/ ስለ በሩ። የምድር ቤቱ መውጫ አንድ ነው፤ ደረጃው ላይ እርስዎ ቆመዋል። ከላይ የጥብሱ ሽታ ይወርዳል። ሹፌሩ ሕግ የሚያዝለትን ዕረፍት ለማክበር ተኝቷል፤ ዙሪክ ከአልፕስ ተራሮችና ከጎታርድ ዋሻ ወዲያ ነው። «ይህችን አንቀጽ እናጽድቅና ወደ ምሳ፤ ካልጸደቀች ግን ውይይቱ ይቀጥላል» አሉን፤ ዴሞክራሲን እንዲህ ባጭሩ ያስረዳን ሰው እስከዛሬ አላጋጠመንም። አንቀጿ «የመኖሪያ ፈቃዱ ያልጸና ሰው የዕድሩ አባል አይሆንም» ትላለች። ንጹሑ ባልዲ የድምፅ መስጫ ሣጥን ሆነ። ከጄኔቫ በታዛቢነት የጋበዟቸው አቶ ኅሩይም ብርጭቋቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ካዩ በኋላ፣ ሂደቱ ነፃ፣ ፍትሐዊና መዓዛው ደስ የሚል እንደነበር አረጋገጡ።

ሠላሳ ሦስት ድምፅ ደገፈ፤ አንድ ተቃወመ። ያ አንድ ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ትሕትና ባይከለክለኝ እነግርዎ ነበር፤ የእኔ ነው። የሰው አደራ ተሸክሜ ሌላ ምን ልጽፍ ኖሯል?

5ኛ/ ስለ ጥብሱ። ከላይ ተገልጿል።

ክቡር ሆይ፣ የውሳኔዎን ፍሬ ባለማየትዎ እንዳይቆጭዎ ልንገርዎ። ሱራፌል በማግስቱ ለአባቱ ለቅሶ የተቀመጠው በሚኖርበት ሕንፃ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሑድ ማጠብ ስለማይፈቀድ ክፍሉ ባዶ ነበር። እርሱ በተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ፣ አስተዛዛኞቹ ማሽኖቹን ተደግፈን ዋልን። ስወጣ እጄን ይዞ «የተቃወምከው አንተ መሆንህን ሰምቻለሁ። አንድ ሰው እንኳ መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ወጣሁ።

እርስዎን ከነወንበርዎ፣ ወንበርዎንም ከነልማዱ ያቆይልን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ቀጣዩ ጉባኤ ባሕር ማዶ ቢሆን ዋና የሚችሉ አባላትን ከወዲሁ እንዲያስቡልን በማሳሰብ፣ ከማይቀንስ አክብሮትና ከቀረች ትንሽ ራስ ምታት ጋር፣

አስረስ
የአባል ቁጥር 27፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የጸና

እርምት፦ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ለዘይቱና አስነበብኳት። ከዚያ ሁሉ ምሳ የደረሳት ዳቦና ሰላጣ ብቻ ስለነበር ለጥብሱ የምትቸኩልበት ምክንያት እንዳልነበራት ይታወሳል። አንብባ ስትጨርስ «አንተ አስረስ፣ ትንሽ አታፍርም? ያቺ ድምፅ የእኔ ናት። የአንተንማ ከጎንህ ሆኜ ስትጽፍ አይቼሃለሁ» ብላኛለች። ስለዚህ በተራ ቁጥር 4 ላይ «የእኔ ነው» የተባለው «የዘይቱና ነው» ተብሎ እንዲነበብ፣ የእኔም ድምፅ ከሠላሳ ሦስቱ ጋር እንዲቆጠር፣ እሑድ ዕለት በልብስ ማጠቢያው ክፍል በስህተት ለእኔ የተሰጠው ምስጋናም ወደ ባለቤቱ እንዲዛወር ተስተካክሏል።