ታች የተደገመው መስመር

ዘከርያ፣

ገደብ ቤተሰቦቼ ጋ እየሄድኩ ነው፤ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እሁድ እመለሳለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ ዛሬውኑ ብላው። ስትወጣ ቁልፉን ለአከራያችን ለእትዬ ማሚቱ ስጥልኝ።

ፕሮግራማችን ትናንት መምህሩ ፊት ለምን አሮጌውን ውጤት እንዳወጣ አግኝቼዋለሁ። የፕሮግራሙ አሠራር ትእዛዝ የተጻፈበት ሜክፋይል ውስጥ አንድ ቫሪያብል፣ ማለትም ዋጋ የሚይዝ ስም፣ ታች ላይ በሌላ ዋጋ ተደግሟል። ፋይሉን አንብቦ ፕሮግራሙን የሚገነባው ሜክ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ፣ የየትኛውን ፋይል ለውጥ እንደሚጠብቅ የሚነግረው የዲፔንደንሲ መስመር ላይ ያለውን ቫሪያብል እዚያው፣ እስከዚያ ባገኘው ዋጋ ይተካዋል። ከሥሩ ያለው ትእዛዝ ግን የሚተካው ሥራው ሲደርስ ስለሆነ የመጨረሻውን ይወስዳል። ለምሳሌ የፋይሉ ስም ላይ «ወርቃ»፣ ታች «ገደብ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሜክ የሚጠብቀው የወርቃን ፋይል፣ የሚሠራው የገደብን ይሆናል። እኛ የገደብን ስናስተካክል እሱ የተለወጠ ነገር የለም ብሎ ይቀመጣል።

ያን መስመር እኔ አልጻፍኩትም።
የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

ምናልባት ስትቸኩል... እንጃ። ቀደም ሲል ጓደኛችን ሀሌሉያ ፊት እንደዚያ ክፉ ልናገርህ ግን አይገባም ነበር።

አላስተካከልኩትም። የትኛው ቫሪያብል እንደሆነም ሆን ብዬ አልጻፍኩልህም፤ መስመሩን የጻፈው ሰው ያውቀዋል። ፋይሉ ረጅም ነው፤ ካልነካኸው በፍለጋ አትድከም፣ ደውልልኝና እነግርሃለሁ። እሁድ ስመጣ ሳትደውል ተስተካክሎ ካገኘሁት፣ ሰኞ መምህሩ ድጋሚ ሲያየው ፕሮጀክታችን ያልፋል፣ እኔም ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።

ስልኬን አልዘጋውም።
ዘኬ፣ እባክህ ደውል።

መላኩ