አንገቴን ሳዘነብል

ኅዳር 3

ከሥራ መልስ ስድስት የአብራሪዎች ንግግር ቅጂ አዳመጥኩ። ሁለቱ ቀላል ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ያለው አብራሪ ግን አፉ ውስጥ ጥጥ የጠቀጠቀ ይመስላል፤ ከኋላው ደግሞ የሞተር ጩኸት። ወደ ኋላ መልሼ ልሰማው እጄ ስልኩ ላይ ሄደ። ሰበሰብኩት። ፈተናው ላይ መመለስ የለም። አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው።

እማዬ ከማድ ቤት፣ "ራትሽ በረደ!"

"መጣሁ!"

አልሄድኩም። ሁለተኛ አልጠራችኝም። ዱሮ ቢሆን ሦስቴ ትጠራኝና በአራተኛው መጥታ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ትነቅለው ነበር። አሁን ትፈራኛለች መሰለኝ። ወይስ ታፍራለች?

የራሷ ጉዳይ።

ኅዳር 5

ባለተረከዟ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። "ታኅሣሥ 12 እንደገና ትፈተኛለሽ። ብቻሽን። እኔ ራሴ ከኋላሽ እቆማለሁ።" ይህን ብላ ሄደች። ቋ... ቋ... ቋ... ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።

አንዴ በቅጡ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ላይ ረዳት ነኝ። የሚመጣና የሚሄደውን አውሮፕላን ቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ማይክ ይዞ ከአብራሪዎች ጋር ለሚነጋገረው አቀብላለሁ። ማይክ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተናውን ላለፈ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ተፈተንን። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሽቅርቅሩ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሸሚዙ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ አይጨማደድም። መልሳችን ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ተገኘ። የሳትናቸው ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት ስህተት። አንዱ ከአንዱ ገልብጧል። ማን ከማን?

የፈተና ኃላፊዋ ባለተረከዟ መሰከረች። "አንገቷን ወደ እሱ ስታዞር አይቻታለሁ።"

ማየቱንስ አይታለች። በደንብ መስማት ስፈልግ አንገቴ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ይዘነበላል። ዓይኔ የትም አይሄድም፤ አንገቴ ነው። በግራዬ የተቀመጠው ደግሞ እሱ ሆነ። ተናገርኩ፣ ጮህኩም። "ስሜታዊ አትሁኚ" ተባልኩ። የእሱ ውጤት ጸደቀ፤ ማይክ ያዘ። የኔ ተሰረዘ። ከወደቅኩ ከማማው ወርጄ መዝገብ ቤት ፋይል ስደረድር እኖራለሁ። እስክሞት ድረስም "ያቺ የገለበጠችው"።

ይህ ሁሉ ሆኖ የገደለኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ማታ እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ "ልጄ፣ ለኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ። አይተሽበታል?"

አንቺም?

ኅዳር 8

አንገቴን ማቅናት መለማመድ ጀመርኩ። ታናሽ እህቴ አናቴ ላይ ወፍራም መጽሐፍ አስቀመጠችልኝ። ቅጂው ተከፈተ። ገና የመጀመሪያው አብራሪ ሰላምታ ሳይጨርስ መጽሐፉ ትከሻዬን መትቶ መሬት ወደቀ።

"እህት ዓለም፣ አንቺ እኮ በጆሮሽ ሳይሆን በአንገትሽ ነው የምትሰሚው" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ሳቅኩ እኔም። ትንሽ። ከዚያ እንደገና ሞከርን። ስድስቴ። መጽሐፉ መውደቁን ሲያቆም እኔ መስማት አቆምኩ። ድምፁ ይመጣል... ቃሉ ግን የለም። ሐሳቤ ሁሉ አንገቴ ላይ ነው።

ኅዳር 11

ቀና ካልኩ አልሰማም። ካዘነበልኩ ሌባ ነኝ። ምን ይሻለኛል?

ኅዳር 14

ማማው ላይ ወረቀቶቼን እየሞላሁ ነበር። ከታች የብረት ደረጃው ላይ ተረከዝ... ቋ... ቋ... ወደ እኛ ትወጣለች። ድምጽ ማጉያው እያወራ ነው፤ አብራሪው አፉን ሞልቶ እያወራ ነው። እኔ ግን ምንም። ጆሮዬ ውስጥ ውኃ የገባ ይመስል ድፍን አለ። የጻፍኩትን አየሁት፤ እጄ ቁጥሩን ጀምሮ መሃል ላይ ትቶታል።

አንድ ፊርማ አስፈርማ ተመለሰች። እኔን ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ደረጃውን ወርዳ ስትጨርስ ጆሮዬ ተከፈተ።

ታኅሣሥ 12 ከኋላዬ ነው የምትቆመው። እንደዚህ ከሆነስ? ሙሉውን ፈተና እንደዚህ ድፍን ቢልብኝስ?

ጆሮ ሐኪም እፈልጋለሁ።

ኅዳር 17

ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለማንም ሳልናገር። መስታወት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አደረገኝ። ሲጨርስ ሳቀ።

"የአንቺ ጆሮ ለጎረቤትም ይተርፋል። ምንም የለውም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የሚደፈነው?"

"መቼ መቼ?"

ነገርኩት። የብዕሩን ክዳን ገጠመ። "ለፍርሃት ጠብታ የለኝም፣ እህቴ።"

ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር። ጆሮ ቢሆን ኖሮ ይታከም ነበር።

ኅዳር 22

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው...

ክፍሌ ውስጥ ቅጂ እያዳመጥኩ፣ ከኋላዬ ቋ! ዘልዬ ተነሳሁ። እማዬ ናት! የታናሼን ባለተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ቁም ሣጥኑን ይዛ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ቆማለች። በሩ ላይ ታናሼ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ለካ ስለ ተረከዙና ስለ ጆሮዬ የነገርኳትን ሁሉ ለእማዬ ነግራታለች።

"ምን አፈጠጥሽ? ዙሪና ሥራሽን ሥሪ" አለች እማዬ፣ ድምፅዋን አወፍራ። "እኔ ፈታኝ ነኝ።"

"እማዬ፣ ትወድቂያለሽ!"

"ፈታኝ አይወድቅም። ተፈታኝ ነው የሚወድቀው። ዙሪ ብያለሁ!"

ዞርኩ። ከኋላዬ ተራመደች። ቋ... ጥቂት ዝም... ቋቋ... ከዚያ "ወይኔ ቁርጭምጭሚቴ!" ከዚያ እንደገና ቋ። ከቅጂው አንድም ቃል አልሰማሁም። ግን በፍርሃት አይደለም።

መጨረሻ ላይ ጫማውን አውልቃ እግሯን እያሸች መሬት ላይ ተቀመጠች። ወደ እኔ ሳታይ፣ "ጡት ስትጠቢ እንኳ ሬዲዮ ሲከፈት ጡቱን ትተሽ አንገትሽን ታዘነብይ ነበር" አለች። "ይህን እያወቅኩ... ያን ጥያቄ ምን አስጠየቀኝ?"

እግሯን ተቀብዬ አሸሁላት።

ኅዳር 25

በየቀኑ ከኋላዬ ትሄዳለች። ማሻሻልም ጀምራለች፤ ትስላለች፣ ቆም ትላለች፣ ትከሻዬ ላይ ትተነፍሳለች። መጽሐፉን ትቼዋለሁ። አንገቴን ለማንም አላቀናም። ከአሥሩ ስድስቱን ሰማሁ። ነገር ግን የእሷ እማዬነት ይታወቀኛል። የዚያችኛዋስ?

ኅዳር 29

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጭጋግ ነበር። ከማማው መስኮት መንደርደሪያው አይታይም። ሽቅርቅሩ ማይክ ይዟል፣ እኔ በጎኑ ወረቀት እሞላለሁ። የፈረቃ ኃላፊው ጋሼ ከኋላችን ስልክ ያናግራሉ። አንዱ አውሮፕላን አርፏል፤ ሌላው ለማረፍ እየቀረበ ነው። ያረፈው አብራሪ ተናገረ። ጥጥ የጠቀጠቀ አፍ... ገና ከመንደርደሪያው አልወጣሁም አለ። ሰማሁት። ጥርት አድርጌ።

ሽቅርቅሩ አልሰማም። ዞሮ ቅንድቡን አነሳልኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ቅንድቡን ያነሳል፣ እኔ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይናገራል።

ዝም አልኩ።

ይጠይቅ! "ድገምልኝ" ይበል፣ አለመስማቱን ሁሉም ይወቁለት። ብዬ... ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩ። ለመጠየቅ አፈረ። ማይኩን ተጫነና ለሚመጣው የማረፍ ፈቃድ ሊሰጥ አፉን ከፈተ።

"አልወጣም! ገና መንደርደሪያው ላይ ነው!" ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ጋሼ ስልኩን ጥለው ማይኩን ነጠቁት። የሚመጣው እንዳያርፍ፣ ተመልሶ ከፍ እንዲል አዘዙት። ጭጋጉ ውስጥ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማነው፤ በላያችን አልፎ ሄደ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨ።

የሽቅርቅሩ ሸሚዝ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጨምዳዳ።

ኅዳር 30

ጋሼ ሻይ ክፍል ጠርተውኝ በሩን ዘጉ።

"ልጄ፣ ስትጮሂ አይደለም የሰማሽው። ቀድመሽ ሰምተሻል።"

"...አዎ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ጠበቅሽ?"

የሻይ ብርጭቆዬን ከፊቴ ገፋ አደረግኩ።

"በእሱ ከተናደድሽ በእሱ ላይ ተናደጂ። እዚያ ላይ የነበሩት ሰዎች ምን አደረጉሽ?"

ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ "ሪፖርቱ ላይ ማን እንደሰማና ማን እንዳልሰማ እጽፋለሁ" አሉኝ።

"ዝም ማለቴንስ?"

"እሱን አንቺ ያዢው።"

ይዤዋለሁ። እስካሁን የምፈራው ባለተረከዟን ነበር። ከትናንት ወዲህ የምፈራው ሌላ ሰው ነው፤ መስታወት ሳይ የማገኛትን። ተበድያለሁ፤ አዎ፣ ተበድያለሁ! ግን በደሌ ሰው የያዘ አውሮፕላን ላይ ቁጭ ብሎ ሦስት ትንፋሽ ጠበቀ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ከአሥሩ ዘጠኝ። እማዬ የታናሼን ጫማ ተረከዝ ሰበረች። ታናሼ ለቅሶ ላይ ናት፤ "ለሠርጌ የገዛሁት እኮ ነው!" እማዬ፣ "አንቺ በመጀመሪያ ባል አግኚ" አለቻት። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እኔ ቅጂውን አላቋረጥኩም። በመሃል አንዱን አብራሪ ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

ታኅሣሥ 11

ነገ ነው።

የተተኮሰ ልብስ፣ የተሳለ እርሳስ፣ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ግን ጆሮዬ ድፍን ቢልብኝስ? ወይም ሁሉንም ሰምቼ ከበፊቱ በአንዲት ብቻ ባንስስ? "ያን ጊዜ ገልብጣ ነበር" ይሉኛል። እማዬ ሻይ አምጥታልኝ ወጣች። በተሰበረው ጫማ፣ እያነከሰች። ሆን ብላ ነው።

ታኅሣሥ 12

ባዶ ክፍል። አንድ ወንበር፣ ከግራዬ ነጭ ግድግዳ፣ ከፊቴ ድምጽ ማጉያ። ባለተረከዟ ከኋላዬ።

ቋ... ቋ... ጆሮዬ መደፈን ጀመረ። አወቅኩት፤ ከታች ወደ ላይ እንደሚሞላ ውኃ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ቅጂ ተከፈተ። ግማሹ አመለጠኝ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

አንገቴ ተዘነበለ።

"አንገትሽን አቅኚ!" ከኋላዬ።

ዞርኩ። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ። "ስሰማ እንዲህ ነኝ። በግራዬ ያለው ግድግዳ ነው፣ እመቤቴ። ከግድግዳ ልገልብጥ?"

ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ ተንቀጥቅጦም ወጥቷል። ወደ ፊቴ ተመለስኩ። እሷ መራመድ ጀመረች፤ ቋ... ቋ... አንዱ የወለል ጣውላ ላይ ተደናቅፋ መሰለኝ፣ ቋቋ። እማዬ! "ፈታኝ አይወድቅም።" ሳቄን ዋጥኩት። ከሳቁ ጋር ውኃው ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት አብራሪዎችን ብቻ ነው።

ስወጣ፣ "እሱም በዚሁ ወንበር፣ ብቻውን ይፈተን" አልኳት። "ያ የኔ ሥራ ነው" አለች። "ታዲያ ይሥሩት" ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 21

አለፍኩ። ውጤቴ ከበፊቱ በአንድ አንሷል። ያችን አንድ እኔ አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ናት።

ይቅርታ የሚባል ነገር አልመጣም። "ጉዳዩ ተዘግቷል" ነው የተባልኩት። ማን ዘጋው? እኔ አልዘጋሁትም። ብቻ በጋሼ ሪፖርት ሽቅርቅሩ ማይኩን አስረክቦ እንደገና እንዲፈተን ታዟል፣ ብቻውን። ከሰዓት አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"እንዴት ነው የተለማመድሽው?"

"እናትህን ባለተረከዝ አስደርጋት።"

አልገባውም። በእሱ የሳቅኩበት መሰለው። ቢሆንም፣ ቅጂዎቹን ላክሁለት። ማይክ ከመለሱለት ሰምቶ ይያዘው።

ጥር 9

ዛሬ ማይክ ያዝኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። ጭጋግ የለም፤ ፀሐዩ መንደርደሪያው ላይ ተነጥፏል። ፍርሃቱ ግን ከነበረው በለጠ። እያንዳንዱ ድምፅ ሰው ተሸክሟል።

አምስተኛው አብራሪ ጥጥ የጠቀጠቀው ነበር። አንገቴን አዘነበልኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ከተናገረው የመጨረሻዋ ቃል አመለጠችኝ። ግምት አለኝ፤ ምናልባትም ትክክለኛ ግምት። ጋሼ እየሰሙ ነው፣ በጎኔ ወረቀት የምትሞላው አዲሷ ረዳት እየሰማች ነው፣ ማማው በሙሉ እየሰማ ነው።

ማይኩን ተጫንኩ።

"ድገምልኝ" አልኩት።

ደገመልኝ።